ስለ ካራ አፎት አሠራርና ስለ ቆዳ አመራረጥ

ከብት ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም በወተቱ፣ በሥጋውና በጉልበቱ ብቻ የሚያበቃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከብቱ ታርዶ ሥጋው ከተከፋፈለ በኋላ ቆዳው በአጥር ላይ ተጥሎ ፀሐይ ሲያኰማትረውና ውሻ ሲጐትተው የሚታይበት መንደር ጥቂት አይደለም። ያው ቆዳ ግን በሚያውቅ ሰው እጅ ሲገባ ኮርቻ፣ ዝናር፣ ጠፍር፣ ስልቻና ጫማ ይሆናል። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ አነስተኛ የሆነውና ለመማር የሚቀለው የካራ አፎት ነው። አንድ ክንድ የማይሞላ ቆዳ፣ ሁለት መርፌ፣ አንድ ወስፌና ትዕግሥት ካሉ አፎት ይሠራል። ስለዚህ የቆዳን ነገር ከሥሩ ጀምሮ ሊማር ለሚወድ ሰው ከአፎት የተሻለ መጀመሪያ አይገኝም። የወረዳ አስተዳዳሪና ባለከብትም ሥራውን በገዛ እጃቸው ባይሠሩት እንኳ አካሄዱን ቢያውቁት፣ በግዛታቸውና በበረታቸው ስለሚጠፋው ሀብት ብዙ ይረዳሉ።

ለዚህ ትምህርት የድሬ ዳዋ ከተማ ምሳሌ ሆና የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማይቱ የተቈረቈረችው ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. በስፍራው በደረሰ ጊዜ ነው። የባቡሩ ኩባንያ ትልቁን የጥገና ስፍራ በዚያው ስላቆመ ብረት የሚያግል፣ የሚቀጠቅጥና የሚሞርድ ሠራተኛ ከሕዝቡ መካከል ተገኘ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህም ቢሆን ሞረድና መዶሻ መያዝ የሚያውቅ ሰው ከከተማይቱ አልጠፋም። በዙሪያዋ ያሉትም ሕዝቦች ስለትን የሚያከብሩ ናቸው። አፋሩ ጊሌ የሚባለውን በሁለት ወገን የተሳለ ቈልማማ ጩቤ በወገቡ ይታጠቃል። ሶማሌውም ጩቤውን ቢላዌ ይለዋል፤ ይህም ስም ከአማርኛው ቢላዋ ጋር ለጆሮ የተዛመደ ነው። ኦሮሞው፣ አፋሩና ሶማሌው በቀፊራ ገበያ ስለሚገናኙ ለካራ ሠሪ ገዢ አይጠፋውም።

እንግዲህ ጉድለቱ በብረቱ አይደለም። በትርፍ ጊዜው ካራ መሥራት የጀመረ ጐልማሳ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ መልካም ስለት ሊያወጣ ይችላል። ስለቱን ከጨረሰ በኋላ ግን በካርቶን ጠቅልሎ ወይም በቀጭን የጫማ ቆዳ ሸፍኖ ለገዢው ቢሰጥ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እንዲህ ያለ አፎት በአንድ ወር ውስጥ በጐኑ ይቀደዳል፤ ያን ጊዜ ስለቱ የሚያገኘው የባለቤቱን ጭን ነው። በጭን ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥር ከተቈረጠ፣ ሐኪም ቤት በሩቅ ባለበት አገር ሰው በጥቂት ደቂቃ ደሙ ፈስሶ ይሞታል። ስለዚህ አፎት የካራው ጌጥ መስሎ ሊታይ አይገባውም፤ ካራውን ያለ ጉዳት ለመያዝ የሚያስችለው እርሱ ነው።

የቆዳው ጥበብ ራሱ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ሁሉ የመጽሐፉን ማኅደር ያውቃል። ማኅደር ማለት ከወፍራም ቆዳ ተቈርጦ፣ በጠፍር ተሰፍቶ፣ ማንገቻ የተደረገለት የመጽሐፍ ማደሪያ ነው። መጽሐፉ በውስጡ ሳይንገላታ ልክክ ብሎ እንዲገባ መለካቱ፣ ስፌቱም በጠርዝ በጠርዙ መሄዱ ከአፎት ሥራ ጋር አንድ ነው። በእንጨት ገበታ ላይ የሚለበጠው ድጉስም ቆዳን አርሶ መቅረጽንና በጋለ ብረት ማተምን ያስተምራል። በሐረርም የእስላሞቹን መጻሕፍት በቆዳ የሚጠርዙት ሰዎች የታወቀ ጥበብ ነበራቸው። ጀማሪው ከባሕር ማዶ መጽሐፍ ከመፈለጉ አስቀድሞ በአቅራቢያው ያለውን ማኅደር ሰፊ፣ ኮርቻ ሠሪና ጫማ ሰፊ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

በዚህ ላይ አንድ መሰናክል አለ። ቆዳ የሚያለፋውና ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው በብዙ አገር ሲናቅ ኖሯል። ፋቂ የሚለው ቃል የሥራ ስም ሆኖ ሳለ ስድብ እስከ መሆን ደረሰ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ ቢነገርም ንቀቱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። ከንቀቱ የሚመጣው ጉዳት በተሰዳቢው ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ልጁ የአባቱን ሥራ ስለሚሸሽ የማልፋት ዕውቀት ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ለወጣቶች የእጅ ሥራ ትምህርት ባዘጋጀ ጊዜ፣ እነዚህን ሽማግሌዎች መምህር ብሎ ጠርቶ፣ የድካማቸውንም ዋጋ ከፍሎ በወንበር ቢያስቀምጣቸው ከብዙ ንግግር ይልቅ ይጠቅማል።

ወደ ሥራው ሲገባ የመጀመሪያው ነገር የቆዳው ምርጫ ነው። ቆዳ በሁለት ዋና መንገድ ይለፋል። አንደኛው በእንጨት ልጣጭና በቅጠል ነው፤ የግራር ልጣጭ ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ጐምዛዛ ጭማቂ ቆዳውን ያጠነክረዋል፣ ቡናማም መልክ ይሰጠዋል። ይህ ሥራ ሳምንታት ይፈጃል። ሁለተኛው በክሮም ጨው ነው፤ ይህ ፈጣን ስለ ሆነ ዛሬ በፋብሪካ የሚወጣው ቆዳ አብዛኛው በዚህ የለፋ ነው። በክሮም የለፋው ለጫማ ፊትና ለልብስ መልካም ነው፤ ይለሰልሳል፣ ውሃም ይችላል። ለአፎት ግን አይመከርም፤ ታርሶ በካራው ቅርጽ ቢጫኑት ሲደርቅ ቅርጹን አይዝም፣ በውስጡም ብዙ ጊዜ የተቀመጠውን ስለት ያዝገዋል። ለአፎት የሚሆነው በልጣጭ የለፋው ነው።

ጀማሪው በገበያ ሲገዛ ሁለቱን እንዴት ይለያል? የቀለሙ መልክ ያታልላል፤ ስለዚህ የተቈረጠውን ጠርዝ ይመልከት። በክሮም የለፋው በመካከሉ ወደ ሰማያዊና ወደ ግራጫ የሚያዘነብል መልክ ብዙ ጊዜ ይታይበታል፤ በልጣጭ የለፋው ግን እስከ ውስጡ ቡናማ ነው። ቅዳጁን በእሳት ቢለኵሱት የክሮሙ አመድ አረንጓዴ ይሆናል። ከሁሉ የሚታመነው ፈተና ደግሞ እነሆ፤ የዛገ ሚስማር በአቼቶ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቈይና ከፈሳሹ አንዲት ጠብታ በቆዳው ላይ ትደረግ። በልጣጭ የለፋ እንደ ሆነ ስፍራው ወዲያው ይጠቍራል፤ በክሮም የለፋ እንደ ሆነ ግን ያን ያህል አይለወጥም። ከልጣጩ የወጣው ጐምዛዛ ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ስለሚሆን ነው። ከዚሁም የተነሣ ይኸው ፈሳሽ ለአፎቱ ርካሽና የማይለቅ ጥቁር ቀለም ይሆናል፤ የብረት ሚስማር በአፎት ላይ መምታትም የማይገባው በዚሁ ምክንያት ነው። የናስ ሚስማር ይሻላል።

የቆዳው ውፍረት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊሜትር ቢሆን ለአንድ ጣት ተኩል ወርድ ላለው ካራ የተስማማ ነው። እንዲህ ያለ ውፍረት የሚገኘው ከበሬ ጀርባና ከታፋው ነው። የሆድ ቆዳ ይለጠጣል፤ የአንገት ይሸበሸባል፤ በሻኛው ስፍራ ያለውም ጠፍጣፋ ሆኖ አይዘረጋም። የፍየል ቆዳ፣ የባቲ ፍየል በዓለም ገበያ ስሙ የተጠራ ቢሆንም እንኳ፣ ለአፎት ብቻውን አይበቃም፤ ስስ ስለ ሆነ ለውስጥ ገበር ወይም ከውጭ ለልባስ ይሆናል።

አስተዳዳሪዎችና ባለከብቶች በተለየ ሊያስተውሉት የሚገባው ነገር ከዚህ ላይ ይጀምራል። ጀማሪው ለአፎቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ንጹሕ ቆዳ ለማግኘት አንድ ሙሉ ቆዳ ገልብጦ ሲያይ፣ በጀርባው ላይ የእሳት ምልክት ተተኵሶበት ያገኘዋል። በሥጋው ወገን ያራጁ ካራ የጫረው ጭረት አለ፤ ይህ ጭረት በጥሬው ሳለ አይታይም፣ ቆዳው ለፍቶ በተወጠረ ጊዜ ግን ይተረተራል። የመዥገር ንክሻ ጠባሳ አለ። በበግና በፍየል ቆዳ ላይ ደግሞ እከክ የሚባለው፣ ቅማልና ሌሎች ደም መጣጭ ተባዮች የሚያመጡት ነቍጣ አለ። ይህ ሁሉ የደረሰው ቆዳው ወደ ፋብሪካ ሳይገባ፣ በበረትና በማረጃ ስፍራ ነው። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በለፋ ቆዳ ላይ 150 ከመቶ የውጭ ንግድ ታክስ የጣለው የቆዳው ሥራ በአገር ውስጥ እንዲሠራ ብሎ ነው፤ ነገር ግን ሕጉ በጀርባው የተተኰሰውን ቆዳ ሊፈውሰው አይችልም።

ማድረግ የሚቻለው ግን ከባድ ነገር አይደለም። ከብት ምልክት የግድ የሚያስፈልገው ከሆነ በጕንጩ ወይም ከጕልበቱ በታች በእግሩ ላይ ይደረግለት፤ ጀርባውና ጐኑ አይነካ። ፍየልና በግ ሲገፈፉ መጀመሪያው ከተቀደደ በኋላ በካራ ሳይሆን በጡጫ ይገፈፉ። ለበሬ ደግሞ ጫፉ የሾለ ካራ ይቅርና ጫፉ የዞረ፣ ሆዱ የወጣ ካራ ይያዝ። በዚህ ነገር የድሬ ዳዋ ካራ ሠሪ ትልቅ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። በፋሲካና በገና፣ በዒድና በዓረፋ በየቤቱ የሚታረደው ከብት ቁጥሩ ብዙ ነው፤ የሚገፈፈውም ሽንኵርት በሚከተፍበት ሹል ካራ ነው። ካራ ሠሪው ዞር ያለ ጫፍ ያለውን የመግፈፊያ ካራ ከነአፎቱ ሠርቶ በበዓል ዋዜማ ወደ ገበያ ቢያወጣ፣ እርሱም ይጠቀማል፣ ቆዳውም ይድናል። አስተዳዳሪውም ለቄራው ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ካራ ቢያስገዛ ወጪው ከአንድ በሬ ቆዳ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይሆንም።

ከተገፈፈ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ድሬ ዳዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ግድም የምትገኝ ቈላ ስለ ሆነች፣ በደጋ እስከ ማታ የሚቈይ ቆዳ በዚያ ከቀትር በፊት መሽተት ይጀምራል። በሦስት ወይም በአራት ሰዓት ውስጥ ጨው ሊነሰነስበት ይገባል። መጠኑም ለ20 ኪሎ ጥሬ ቆዳ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ጨው ነው። ጨው የጠፋ እንደ ሆነ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሁለት ወገን እንዲያገኘው ተደርጎ በገመድ ይወጠር እንጂ በመሬት ላይ በችካል ተቸክሎ ለፀሐይ አይሰጥ። በፀሐይ የደረቀ ቆዳ ላዩ ሲጠነክር ውስጡ ይበሰብሳል፤ ሲዘፈዘፍም ሁለት ገበታ ሆኖ ይላቀቃል። ጀማሪ ካራ ሠሪ ግን ቆዳ ማልፋቱን ራሱ ባይጀምረው መልካም ነው። ሽታውና እጣቢው ጐረቤትን ያስቸግራል፤ እጣቢውንም በደቻቱ አሸዋ ላይ መድፋት ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም።

ወደ አፎቱ እንመለስ። መሣሪያው ጥቂት ነው፤ የሚገዛውም ከጫማ ሰፊዎች ገበያ ነው። ወስፌ፣ ጫፋቸው የደነዘዘ ሁለት መርፌዎች፣ ወፍራም የጫማ ክር፣ ቍራጭ ሰም፣ ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የብረት ማስመሪያና እጅግ የተሳለ መቍረጫ። የስፌቱን ርቀት ለመመተር የገበታ ሹካ ይበቃል፤ ጥርሶቹ በቆዳው ላይ ሲጫኑ እኩል ነጥብ ይተዋሉ። ውድ የሆነውን የባሕር ማዶ መሣሪያ ሁሉ አስቀድሞ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን ከሁለተኛው አፎት አያሳልፈውም።

ልኩ የሚወሰደው በወረቀት ነው እንጂ በቀጥታ በቆዳው ላይ አይደለም። ወፍራም ወረቀት በሁለት ይታጠፋል፤ የካራው ጀርባ በእጥፋቱ ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ካራው ይጋደማል፤ ዙሪያውም በእርሳስ ይሳላል። ከስለቱ ወገን 12 ሚሊሜትር ያህል ለስፌት ይተዋል፤ በጀርባው ወገንም የብረቱ ውፍረት ይታሰባል፤ አለዚያ አፎቱ ይጠብና ካራው አይገባም። የእጀታው ሲሶ በአፎቱ ውስጥ ቢገባ ካራው ሰው ሲቀመጥና ሲነሣ አይወድቅም። ከበስተ ኋላው በኩል ቆዳው ወደ ላይ ይረዝምና ለመታጠቂያው ማስገቢያ ይሆናል። ይህ ማስገቢያ ተቈልምሞ የሚሰፋው አፎቱ ሳይዘጋ ነው። ጀማሪዎች ይህን ረስተው አፎቱን በሙሉ ከሰፉ በኋላ መርፌው የሚደርስበት ቦታ ያጣሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር በሁለቱ የቆዳ ቅጠሎች መካከል በስለቱ በኩል የሚገባው ቅጥያ ነው፤ ለዚህ ትምህርት ማገጃ ይባል። ማገጃው የብረቱን ውፍረት ያህል ውፍረት ያለው፣ አንድ ጣት ያህል ወርድ ያለው፣ ከአፉ እስከ ጫፉ የሚሄድ ቆዳ ነው። ካራ ወደ አፎት ሲገባና ሲወጣ ስለቱ ሁልጊዜ ወደ ስፌቱ ይገፋል፤ ማገጃ ከሌለ በየጊዜው ክሩን እያንዳንዱን ይቈርጣል፣ ከላይም ደህና እየመሰለ ውስጡ ያልቃል። ማገጃ ካለ ግን ስለቱ የሚያገኘው ቆዳውን ነው እንጂ ክሩን አይደለም። ቀደም ሲል የተነገረው በጭን ላይ የሚደርሰው አደጋ አብዛኛው ከዚህ ቅጥያ መጥፋት የሚመጣ ነው። ገዢም አፎት ሲገዛ ጠርዙን አይቶ ሦስት ድርብ መሆኑን ቢቈጥር ይጠቅመዋል፤ ሁለት ብቻ ከሆነ ይተወው።

ማገጃው በማስቲሽ ከተያዘና አፎቱ ከታጠፈ በኋላ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት እስኪስተካከል ይፈገፈጋል። ከጠርዙ በ4 ሚሊሜትር ገባ ብሎ መሥመር ይጫራል፤ በመሥመሩም ላይ በየ4 ወይም በየ5 ሚሊሜትሩ ነጥብ ይደረጋል። ወስፌው ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ከሥሩም ለስላሳ እንጨት ይቀመጥለት። ከበስተ ኋላ መዳፍን ደግፎ የሚወጋ ሰው መዳፉን ይወጋል።

ስፌቱ ኮርቻ ሠሪዎች የሚሰፉት ዐይነት ነው። የስፌቱን ርዝመት አራት ወይም አምስት እጥፍ የሚሆን አንድ ክር በሰም ይታሻል፤ በሁለቱም ጫፍ መርፌ ይሰካል። በመጀመሪያው ቀዳዳ ክሩ በመካከሉ እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱም መርፌዎች በየተራ ከግራና ከቀኝ ያልፋሉ፤ ሁለቱም ጫፎች በእኩል ጉልበት ይሳባሉ። በመኪና የሚሰፋው ስፌት ሁለት ክሮች እርስ በርሳቸው የተያያዙበት ስለ ሆነ አንዱ ቢበጠስ ተከታዩ ይለቃል፤ ይህ ግን አንድ ቦታ ቢቈረጥ ሌላው ክር ይይዘዋል። በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሶ ክሩ ከሥሩ ይቈረጣል። በቀድሞ ዘመን በክር ስፍራ የበሬ ጅማትና ስስ ጠፍር ያገለግሉ ነበር፤ ዛሬም ለአሮጌ ቅርጽ የሚስማሙ ናቸው።

አፎቱን በካራው ቅርጽ መጫን ለጀማሪ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ክፍል ነው። አፎቱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አረፋ ማውጣቱን እስኪተው ጥቂት ደቂቃ ይነከራል። ካራው ውሃ እንዳያገኘው በስስ ላስቲክ በደንብ ይጠቀለልና ይገባል፤ ከዚያም ቆዳው በጣትና በለሰለሰ እንጨት እየተጫነ የእጀታውን ቅርጽ እንዲይዝ ይደረጋል። ጥፍር አይንካው፤ እርጥብ ቆዳ ያገኘውን ምልክት ሁሉ ይይዛል። በጥላ ሥር አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይደር። በድሬ ዳዋ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይድረቅ ብሎ የሚያሰጣ ሰው ማታ ሲመለስ የሚያገኘው የተሸበሸበና የተሰነጠቀ ነገር ነው፤ ካራውም በውስጡ ተይዞ አልወጣ ይላል።

ሲደርቅ ጠርዙ በጥቂቱ በውሃ ይነካካና በጠንካራ እንጨት እስኪያብለጨልጭ ይታሻል፤ ሰምም ይደረግበታል። ገላው የሚቀባው ሰምና ጮማ አንድነት ቀልጠው ከበረዱ በኋላ ነው፤ በጣም በጥቂቱ ይሁን። ስብ የበዛበት አፎት እንደ ጨርቅ ይልማል፣ የተጫነውንም ቅርጽ ይለቃል።

ለገዢው ሲሰጥ ሁለት ነገር በቃል ይነገረው። አንደኛው ካራውን ለብዙ ወራት በአፎቱ ውስጥ እንዳያስቀምጠው ነው፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚስብ ባሌስትራው ይዝጋል። በቤት ሲያኖረው ስለቱን ዘይት ቀብቶ ለብቻው ያኑረው። ሁለተኛው በወር አንድ ጊዜ የአፎቱን አፍ ከፍቶ በብርሃን እንዲመለከተው ነው። ማገጃው ከግማሹ በላይ ተቈርጦ ካየ ካራውን አይታጠቅበት፤ አፎቱን ይዞ ወደ ሠሪው ይመለስ። ሠሪውም በጠርዙ ያለውን ስፌት ፈትቶ አዲስ ማገጃ ያገባለታል፤ የቀረው ቆዳ እንደ ነበረ ያገለግላል።